ያኔ ያልጣለን

ይህን የምጽፈው ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝቼ፣ በአንድ እጄ ነው። ስህተት ካለበት ይቅር በሉኝ።

ልጃችን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያለጊዜዋ፣ በ31 ሳምንቷ ተወለደች። 1,250 ግራም ነበረች። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ሌሊት ዝናቡ አላባራም። ምጡ 8 ሰዓት ላይ ሲመጣ ስልክ ያነሳልን የሰፈራችን ባለባጃጅ ነው። በዚያ ጭቃ፣ ቀስ አድርጎ አደረሰን። ሒሳብ ስንሰጠው "መጀመሪያ በሰላም ትገላገል" ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬም አልተቀበለንም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሙቀት ክፍል ያላችሁ ሲስተሮች፣ እናንተን ምን ብዬ ላመስግን? ልጄ አንዳንዴ መተንፈስ ትረሳ ነበር። ዝም ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሮጣችሁ ትመጡና ውስጥ እግሯን በጣታችሁ መታ መታ ታደርጉታላችሁ። ትንፋሿ ይመለሳል። ስንት ጊዜ እንዳደረጋችሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ትንሽ ስትረጋጋ ወደ ካንጋሮ ክፍል አዛወሩን። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርገው ገላዬ ላይ አስተኟት፤ በጨርቅ አንድ ላይ አሰሩን። ወተቴን አልቤ በአፍንጫዋ ቱቦ በየሁለት ሰዓቱ እሰጣታለሁ። ሲስተሯ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ፣ ማሞቂያ አልበቃ ባለበት ሆስፒታል እንደተጀመረ አስረዳችን። "መብራት ቢጠፋ የእናት ገላ አይጠፋም" አለችኝ።

እማዬ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

እማዬ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ አገር ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር ነበር። አባቷን ቀብረው ነው የተነሱት። ታናሽ ወንድሟ አጥንቱ የሚቆጠር ጨቅላ ነበር። "ይሄ እንኳ አይደርስም" ብለዋቸው ነበር። ሴት አያቴ ልብሱን አውልቃ ገላዋ ላይ ለጥፋ፣ ጋቢዋን ደርባ ይዛው መጣች። "ዛሬ ሲስተር ያስተማረችሽን እናቴ መኪና ላይ ሆና አድርጋዋለች" አለችኝ። ከዚያ በኋላ "ዛሬም አልጨመረችም" በተባልኩ ቁጥር የእማዬ ቃል አንድ ሆነ፦ "ያኔ ያልጣለን ዛሬ ይጥለናል?"

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ተናደድኩ። ያለፈ ነገር ለእኔ ምን ይረባኛል አልኩ። ሌሊት ሌሊት ግን የምይዘው አጣሁ። ጸሎት አፌ ላይ አልመጣ ሲል እማዬ የነገረችኝን መቁጠር ጀመርኩ። ጋቢው። መኪናው። እዚህ የበሉት የመጀመሪያው በቆሎ። ሳሙኤል ድንጋዩን አቁሞ ያለው "እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል" ነው። ስለ ነገ አልተናገረም። እኔም ስለ ነገ ደፍሬ መናገር አልችልም ነበር፤ "እስከ አሁን" ማለት ግን እችላለሁ። እያልኩ አነጋሁ።

በ12ኛው ቀን 20 ግራም ጨመረች። በዚያው ሳምንት አጎቴ ሊጠይቀን መጣ። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ ጎንበስ ብሎ ገባ። እማዬ ለክፍሉ እናቶች ሁሉ እየጠቆመች "ጋቢ ውስጥ የነበረው ይሄውላችሁ" አለች። 38ኛው ቀን ላይ ልጄ 1,850 ግራም ሆና ወጣን።

ግድግዳ የምንጋራችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ ያን ሁሉ ቀን አጥሚቱ በፔርሙስ ሳይቀዘቅዝ ደርሶኛል። ለዱዓችሁም አላህ ይስጥልኝ። የእድራችን ሴቶች፣ ቤቴን ሳልኖር አኖራችሁልኝ። ባለቤቴ፣ ተራ ገብተህ በደረትህ ይዘሃት ያደርክበትን ሌሊት ስታድግ እነግራታለሁ።

አጠገቤ የነበርሽው እህቴ፣ ያንቺ ልጅ በ9ኛው ቀኑ አረፈ። እግዚአብሔር እኔን አስታውሶ አንቺን ረሳ ብዬ አላምንም። ለምን እንደሆነ ግን መልስ የለኝም፤ እንዳለኝም አላስመስልብሽም። ስትወጪ መቀነትሽን ፈትተሽ "ልጅሽን እሰሪበት" አልሽኝ። እስክንወጣ የታሰረችው በእሱ ነው። አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው፣ ክርስትና ልናስነሳት ነው። ስልክሽን አልያዝኩም፣ ሲስተሮቹ ግን የእኔን ይዘዋል። ይህ ከደረሰሽ ነይ። የዚያን ቀን አጠገቤ እንድትቀመጪ እፈልጋለሁ።