ለአባባ፦ «ሃይ ኑን»ን ከመክፈትዎ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ አምላክ ይመስገን።

በእህቴ እጅ የላክሁት ፍላሽ ውስጥ ያለው የካውቦይ ፊልም «ሃይ ኑን» ይባላል፤ ቀትር ማለት ነው። የወጣው በ1952 ነው፤ እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው። ጥቁርና ነጭ ሲሆን 85 ደቂቃ ይፈጃል። ታሪኩ አጭር ነው። ዊል ኬን የሚባል የከተማ ሕግ አስከባሪ፣ እነሱ ማርሻል የሚሉት፣ ሥራውን ለቆ ሚስት ባገባበት ሰዓት፣ እሱ ያሳሰረው ፍራንክ ሚለር ተፈትቶ በቀትሩ ባቡር እንደሚመጣ ይሰማል። የሚለር ሦስት ግብረ አበሮች ጣቢያ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ኬን ለእርዳታ ሰው ይለምናል፤ ሰዉ ሁሉ ሰበብ ይደረድርና ብቻውን ይተወዋል። እኔ የምጽፍልዎ ግን ስለ ሠሩት ሰዎች ነው፤ በካውቦይ ፊልም አክተሩን እንጂ ከካሜራው ኋላ ያለውን ማንም አይጠይቅም።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ልንገርዎ። በፊልሙ ውስጥ ግድግዳ ሁሉ ሰዓት ነው፤ የእርስዎ የእጅ ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው። በእርስዎ ሰዓት ቀትር ላይ ትንሹ ቆጣሪ 6 ላይ፣ ትልቁ 12 ላይ ሆነው ፊትና ጀርባ ይቆማሉ። በእነሱ ሰዓት ሁለቱም 12 ላይ ይደራረባሉ። ያ መደራረብ ነው የሚጠበቀው፤ ይህን ካልያዙ የሰዓቶቹ ጨዋታ ያመልጥዎታል። ታሪኩ የሚጀምረው በእኛ 4:35 ገደማ ነው፤ የሚያልቀው ከ6 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው። ብዙ ሰው «ፊልሙና ታሪኩ እኩል ደቂቃ ይሄዳሉ» ይላል። ቢያሰሉት አይገጥምም፤ የግድግዳው ሰዓት ከፊልሙ ይፈጥናል። ግን ሲያዩት አይታወቅም፤ ሙያው እዚያ ላይ ነው።

ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን በቪየና ያደገ ሰው ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ዲሚትሪ ቲዮምኪን ደግሞ ዩክሬን ውስጥ ተወልዶ ሴንት ፒተርስበርግ የተማረ ነው። የካውቦይ አገር ሰዎች አይደሉም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ፊልሙ ፈረስ ግልቢያና ሰፊ ሜዳ የማያበዛው። ዚነማን ፊልሙን ያቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ ከአድማስ የሚመጣ የማይንቀሳቀስ ሀዲድ፣ ጥቁር ለብሶ ከቤት ቤት የሚንከራተት ሰው፣ እና ጊዜው በቀረበ ቁጥር እየገዘፈ የሚሄድ ሰዓት። ሀዲዱ በታየ ቁጥር ካሜራው አይነቃነቅም፤ ዝም ብሎ ዝቅ ብሎ ያያል። ኬን በታየ ቁጥር ግን አብሮት ይሄዳል።

ሰማዩን ልብ ይበሉልኝ፤ ነጭ ነው፤ ደመና የለውም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰማያዊን አብዝቶ ስለሚቀበል ሰማይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማረም ካሜራማኖች ሌንሱ ፊት ቢጫ ወይም ቀይ ፊልተር ያደርጋሉ፤ ያኔ ሰማያዊው ይታገዳል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናውም ጎልቶ ይታያል። የሌሎቹ የካውቦይ ፊልሞች ሰማይ እንደ ሥዕል የሚያምረው በዚህ ነው። ካሜራማኑ ፍሎይድ ክሮስቢ ፊልተሩን አወጣው። ዚነማንና እሱ አርአያ ያደረጉት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ማቲው ብሬዲ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ነበር፤ በእነዚያም ሰማዩ ባዶ፣ ብርሃኑ ጠፍጣፋ ነው። ውጤቱ በጠራራ ፀሐይ የነጣ መንገድና በላዩ ላይ እንደ ቁራ የጠቆረ አንድ ሰው ነው። ገና ቀረጻው ሲጀመር «ይህ ምን ዓይነት የማያምር ሥዕል ነው» የሚል ቅሬታ ከላይ መጥቶባቸው ነበር፤ ዚነማን አልለወጠውም። ክሮስቢ ያለማወቅ ሥራ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ከዚህ ፊልም ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ኦስካር የወሰደ ባለሙያ ነው።

ኬንን ሆኖ የሚሠራው ጋሪ ኩፐር ሲቀረጽ ዕድሜው 50 ነበር፤ ሚስቱን የሆነችው ግሬስ ኬሊ 21። ልዩነቱ ያን ጊዜም ሰውን አነጋግሯል፤ እኔም አልወደድሁትም። ግን የኩፐር ፊት ያለ ዕድሜው አይሠራም። ወገቡ ያመው ነበር፤ ጨጓራውም ቆስሎበት ነበር። ሜካፕ እምብዛም አልቀቡትም፤ መስመሮቹ እንዳሉ ተተዉ፤ ካሜራውም በቅርብ ያዛቸው። ስለዚህ ፊቱ ላይ የሚያዩት ድካም ሁሉ ትወና ብቻ አይደለም። በረት ውስጥ ከምክትሉ ከሎይድ ብሪጅስ ጋር የሚደባደቡበትን ቦታ ሲያዩ ያንን ወገብ ያስታውሱ። እዚያ ላይ የብሪጅስ ትንሽ ልጅ ከላይ ከድርቆሹ ማማ ሆኖ ይመለከት ነበር፤ አባቱ ላይ ውኃ ሲደፋበት ሳቁ አመለጠውና ቀረጻው ተበላሸ ይባላል።

ኬቲ ሁራዶ የምትባለው ሜክሲኳዊት ለእኔ ከኬሊ ትበልጣለች። የከተማዋ መሸታ ቤት ባለቤት፣ የኬን የድሮ ወዳጅ ሆና ነው የምትሠራው። ሁለቱ ሲገናኙ በድንገት በስፓኒሽ ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ይለዋወጣሉ፤ ሳላይህ ዓመት ሆነኝ ትለዋለች፣ አውቃለሁ ይላታል። ሌላ ማብራሪያ የለም፤ በቃ። በዚህ ሥራዋ ጎልደን ግሎብ አገኘች።

ገና ሲጀምር፣ ዘፈኑ እየተሰማ፣ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ የሚያጨሰውን ቀጭን ሰው ደግሞ ያውቁታል። ሊ ቫን ክሊፍ ነው፤ በኋላ ጣሊያኖች በሠሯቸው የካውቦይ ፊልሞች ዝነኛ የሆነው። ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ አንዲት ቃል አይናገርም። የምክትልነቱን ክፍል ሊሰጡት ፈልገው አፍንጫህን አስተካክል ሲሉት እምቢ ብሎ ወደ ሽፍቶቹ ተዛወረ ይባላል። ያ አፍንጫ ነው በኋላ እንጀራው የሆነው።

አሁን ወደ ባቡሩ። የከተማው መንገድ የተቀረጸው ሎስ አንጀለስ አጠገብ በርባንክ በሚገኝ የስቱዲዮ ግቢ ነው፤ ጣቢያው ግን በሰሜን በኩል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዋርነርቪል በምትባል ትንሽ ቦታ፣ በሲየራ ባቡር መስመር ላይ ነው። ባቡሩ በ1891 የተሠራው ሲየራ ቁጥር 3 ነው፤ ዛሬም ጄምስታውን በሚገኘው የባቡር ሙዚየም ውስጥ አለ። ባቡሩ ከሩቅ መጥቶ ወደ ካሜራው የሚገባበትን ለመቅረጽ ዚነማንና ክሮስቢ ሀዲዱ ላይ ተጋድመው ነበር። ባቡሩ መጀመሪያ ነጭ ጭስ አወጣ፤ አማረላቸው። ቀጥሎ ጥቁር አወጣ፤ ያም አማረላቸው። ጥቁሩ ነጂው ፍሬኑ እምቢ እያለው መሆኑን የሚያሳውቅበት ምልክት እንደሆነ አላወቁም! ሲነሡ የካሜራው እግር በሀዲዱ ተያዘ። ጥለውት ሸሹ። ካሜራው ተሰባበረ፤ ውስጡ ያለው ፊልም ግን ተረፈ፤ በፊልሙ ውስጥ የሚያዩት እሱን ነው።

ቀትር ሊሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው እባክዎ ስልክ እንኳ ቢጠራ አይነሡ። ኬን ጠረጴዛው ላይ ኑዛዜውን ይጽፋል። ከዚያ የሰዓቱ ፔንዱለም፣ ሀዲዱ፣ ጣቢያው ላይ ያሉት ሦስቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያጎነበሱት፣ መሸታ ቤት ዝም ያሉት፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ሚለር የተፈረደበት ባዶ ወንበር ይመጣሉ። የእያንዳንዱ ሥዕል መለወጫ ከሙዚቃው ምት ላይ ይወድቃል፤ ፔንዱለሙም እንደዚያው። በመጨረሻ የባቡሩ ፉጨት ይሰማና ሁሉም ይቆማል። ይህን የቆረጡትና የቀጠሉት ኤልሞ ዊሊያምስና ሃሪ ጌርስታድ ናቸው፤ ለኤዲቲንጉ ኦስካር ወስደዋል። ዊሊያምስ በኋላ «ፊልሙን ያዳንሁት እኔ ነኝ» ሲል ዚነማን አልተቀበለውም፤ ሰዓቶቹ ከመጀመሪያው በስክሪፕቱ ነበሩና። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል እላለሁ፤ ሰዓቱን ማሰብ አንድ ሙያ ነው፣ ስንት ፍሬም ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ ሌላ። ደግሞ ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ማክሰኞ ቀትሩ፣ ሐሙስ ጠዋቱ ይቀረጽ ይሆናል። አንድ የግድግዳ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቢሳሳት ቆራጩ ያንን ሥዕል ሌላ ቦታ ሊያስገባው አይችልም።

ዘፈኑን የሚዘፍነው ቴክስ ሪተር ነው፤ ግጥሙ የኔድ ዋሽንግተን ነው። ቲዮምኪን ያንኑ አንድ ዜማ ፊልሙን ሙሉ እየገለባበጠ ይጠቀምበታል፤ አንዴ በሃርሞኒካ፣ አንዴ በኦርኬስትራ። ፍራንኪ ሌን የዘፈነው ሸክላ ከፊልሙ ቀድሞ ወጥቶ ሰዉ ዜማውን ይዞ ነው ሲኒማ የገባው።

ስክሪፕቱን የጻፈው ካርል ፎርማን ነው። ቀረጻው በሚካሄድበት በመስከረም 1951 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ኮሙኒስትነት ተጠየቀ፤ የሌሎችን ስም አልሰጥም አለ። ከፕሮዲውሰሩ ከስታንሊ ክሬመር ጋር ተለያዩ፤ በሆሊውድ ሥራ ተዘጋበትና ወደ ለንደን ሄደ። አሁን የማዘጋጃ ቤቱን ሹም፣ ዳኛውን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚከራከሩትን ሲሰሙ፣ የጻፈው ሰው በዚያው ወር የማን በር ሲያንኳኳ እንደነበር ይገባዎታል። ኩፐር በፖለቲካው ከፎርማን ጋር ባይስማማም ከጎኑ ቆሟል። ፊልሙ አራት ኦስካር ሲያገኝ ኩፐር በቦታው ስላልነበር ሽልማቱን የተቀበለለት ጆን ዌይን ነው፤ እሱው ራሱ በኋላ ፊልሙን ክፉኛ ኮንኗል። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ኬን ብቻውን መንገዱ ላይ ሲቀር ካሜራው ከፊቱ ተነሥቶ በክሬን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። እዚያ ላይ ዓይንዎን ከጣሪያዎቹ ማዶ ቢጥሉ የስልክ ምሰሶዎች ያያሉ፤ በካውቦይ ዘመን! ክሬኑ ከፍ ባለ ቁጥር የስቱዲዮው ጎረቤት መታየቱ አይቀርም፤ የሰው ዓይን ግን ኬንን ስለሚከተል አያየውም።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ፦ ሥዕሉ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ሊቀር ይገባል። ስክሪኑን ሞልቶ የኩፐር ፊት ከወፈረብዎ በሪሞቱ የሥዕል ቅርጽ የሚለው ውስጥ ገብተው 4:3 ያድርጉት። ሰፈር ውስጥ ቀለም የተቀባውን ቅጂ ሊሰጡዎት ይችላሉ፤ አይውሰዱ። በእሱ ላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ