የላክሁልዎትን ጣሳ አይክፈቱ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደሴ

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ገብቷል።

የዛሬው ደብዳቤ ጥፋቴን የማምንበት ደብዳቤ ነው። ባለፈው ወር በሰው እጅ የላክሁልዎትን የጨው ጣሳ ካልከፈቱት አይክፈቱት። ከከፈቱት ደግሞ ዛሬውኑ ይተዉት፤ ስንት ቀን እንደተጠቀሙበት ለሐኪምዎ ነግረው በደምዎ ውስጥ ያለውን የፖታሲየም መጠን ያስመርምሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ግፊት ላለበት ሰው የቱ ጨው ይሻላል ብዬ ቻትጂፒቲን፣ ያንን ጥያቄ የሚመልስ የስልክ ፕሮግራም፣ ጠየቅሁ። ሶዲየም የሌለበት የጨው ምትክ አለ አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሮጬ ገዛሁ። ስለ ደካማው ኩላሊትዎ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ የግፊት መድኃኒቱን እናላፕሪልን እንደሚወስዱም አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት የምርመራ ወረቀትዎን ፎቶ ከፊቴ አድርጌ እንደገና ጠየቅሁት፦ ወንድ፣ 71 ዓመት፣ ክሬያቲኒን (ኩላሊት የሚለካበት የደም ምርመራ) 2.1፣ እናላፕሪል። ቃሉ ወዲያው ተለወጠ። ጣሳው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን አጣርቶ ማስወጣት ያቅተዋል፤ እናላፕሪልም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል። ፈተና ላይ ጥያቄውን አጓድሎ የገለበጠ ተማሪ ከእርስዎ ዜሮ ነበር የሚያገኘው፤ ለእኔም ይስጡኝ።

በጨው የተታለልኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የ60 ዓመት ሰው ታሪክ አውጥቶ ነበር። የገበታ ጨው ለመተው ብሎ ቻትቦት ካማከረ በኋላ ሶዲየም ብሮማይድ በሚባል ኬሚካል ተካው፤ ሦስት ወር ሲበላው ቆይቶ ኬሚካሉ አእምሮውን አዛባውና፣ ጎረቤቴ መርዞኛል እያለ ሆስፒታል ገባ።

ቻትጂፒቲ ያለበትን ስልክዎን ይወርውሩት ማለቴ ግን አይደለም። ሐኪሙ «33 ነው» ብሎዎት ቀጣዩን ታካሚ ሲጠራ፣ 33 ምን እንደሆነ ያስረዳዎት ያው ስልክ ነው፤ የኩላሊት የማጣራት አቅም መለኪያ መሆኑን፣ ከ30 እስከ 44 የሦስተኛው ደረጃ የታችኛው ክፍል እንደሚባል፣ የመጨረሻው ደረጃ ከ15 በታች እንደሆነ። ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እንደወሰደዎት እማዬ ነግራኛለች። ዳያሊሲስ (ደም በማሽን ማጣራት) ነገ የሚጀምሩ መስሎዎት ስንት ሌሊት እንደነጋብዎት ግን ለማንም አልተናገሩም።

የቻትጂፒቲን መልስ ደብተር ላይ ገልብጠው በቀይ እስክሪብቶ እንደሚያርሙት ስሰማ በጣም ሳቅሁ። ሽሮን «ሾርባ» ብሎ መጻፉ እውነትም አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። የድንቹ መልስ ግን ትክክል ነው፦ ተልጦ፣ በስሱ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ፖታሲየሙ በከፊል አብሮ ይሄዳል። እማዬ ውሃውን ለወጥ እንዳታደርገው ብቻ ይንገሯት፤ ምንም መጣል አትወድም።

ሳይጠይቁት የማይነግርዎት ነገርም አለ። ጉልበትዎን ሲያምዎት ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክ ለኩላሊትዎ ጠላት ነው፤ አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። ከጓሮ የሚመጣውንም ቅጠል ቢሆን ሐኪሙ ሳያውቅ አይጠጡ።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ያንን ደብተር ይዘው ይሂዱ። መልሱን ሁሉ እንዲያነብ አይጠብቁ፤ በቀይ ያረሙባቸውን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ያሳዩት። የመድኃኒት መጠን ግን በስልኩ ቃል አንዲት ፍሬ እንኳ አይቀንሱ፣ አይጨምሩ።

ጣሳውን ደግሞ ለጎረቤት እንዳይሰጡ፤ ሰፈራችን ውስጥ ግፊት የሌለበት ሽማግሌ የለም፣ የማን ኩላሊት ምን ላይ እንዳለ ማን ያውቃል። ደፍተው ባዶውን ለእማዬ ይስጧት፤ ለቅመም ማስቀመጫ ይሆናታል።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ