ለአሮጌ የቆዳ ቦርሳ ቅባት የመጨረሻው ሥራ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ አልፎ ቁም ሳጥን ሲከፈት፣ ከእናት የተረፈው ወይም ዘመድ ከውጭ የላከው የቆዳ ቦርሳ ሻጋታ ለብሶ፣ ማንገቻው ደርቆ፣ ጥጉ ተልጦ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ዘይት ነካ አድርጊበት»፣ «ቫዝሊን ይበቃዋል»። ሊስትሮ ጋ ወስደው ጥቁር ቀለም የሚያስቀቡትም አሉ። ቦርሳው ሁለት ቀን ያብረቀርቃል፤ በሦስተኛው ቀን ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር መስመር አስምሮ ይመለሳል። እንዲህ ተበላሽተው ከሚጣሉት ቦርሳዎች ብዙዎቹ በቤት ውስጥ መዳን የሚችሉ ናቸው። ችግሩ ያለው በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ስለሆነ፣ ለአንባቢዎቻችሁ በዝርዝር ላቅርበው።

ቆዳ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን ቃጫዎች ተጠላልፈው የያዙት ነገር ነው። ሲለፋ የገባለት ቅባት ቃጫዎቹ ሳይፋተጉ እንዲታጠፉ ያደርጋል። ዕድሜ ሲገፋ ቅባቱ ይቀንሳል፤ በምትኩ አቧራ፣ የእጅ ላብና ጨው ይገባል። በዚህ እድፍ ላይ ዘይት ሲፈስ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ በቃጫዎቹ መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። የምግብ ዘይት ደግሞ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ይሸታል። ቫዝሊን ላዩ ላይ ተኝቶ አቧራ ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ ማጣበቂያም ቀለምም አይዝም። ቆዳ ሲለፋ ቅቤ መቀባት በአገራችን የቆየ ሙያ መሆኑን አውቃለሁ። ያ ቅቤ ግን የሚገባው ገና በመለፋት ላይ ባለ ቆዳ ውስጥ፣ ታሽቶና ተረግጦ ነው። ተሰፍቶ፣ ገበር ገብቶለት ባለቀ ቦርሳ ላይ ያው ቅቤ እድፍ ይሆናል።

ስለዚህ ተራው ይህ ነው፤ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መስፋትና ማጣበቅ፣ ቀለም፣ በመጨረሻ ቅባት።

ከማጠብ በፊት ቦርሳው በእርግጥ ቆዳ መሆኑ ይታይ። ማንገቻው የተቆረጠበትን ጠርዝ ወይም ገበሩ የተላቀቀበትን ቦታ አቅርቦ ማየት ይበቃል። ጸጉራም ቃጫ ከታየ ቆዳ ነው፤ ከላይ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሥር ጨርቅ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ እንደ ቅርፊት መላጥ ከጀመረ በምንም ቅባት አይመለስም፤ ገንዘብም ጊዜም አይባክንበት። ቆዳ ከሆነ ደግሞ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ይንጠብጠብበት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠጥቶት ከጠቆረ ቀለሙ ወደ ውስጥ የሰረገ፣ ላዩ ክፍት የሆነ ቆዳ ነው። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ በቀለም ሽፋን የተለበጠ ነው። የመጀመሪያው እርጥበትንም ቅባትንም ይስባል፣ ቶሎም ይጠቁራል፤ ለሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ እጥበት ብቻውን ይበቃዋል።

ለእጥበቱ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሕፃናት ሻምፖ ይበቃል። የልብስ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳና በረኪና አይቅረቡ። የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላ ነው፤ እነዚህ ደግሞ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆኑ ቃጫውን ያደርቁታል፣ ቀለሙንም ያስለቅቃሉ። ቦርሳው ባዶ ይደረግ፣ ገበሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይራገፍ፣ በስፌቱ ውስጥ ያለው አቧራ ለስላሳ በሆነ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይውጣ። ከዚያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነክሮ፣ ውሃ እስከማይንጠባጠብ ጨምቆ፣ በክብ በክብ መጥረግ ነው። ጨርቁ ነጭ የሚሆነው ለምክንያት ነው፤ የሚወጣው እድፍ ይሁን የቦርሳው ቀለም የሚለየው በነጭ ላይ ብቻ ነው። የጨርቁ መልክ የቦርሳውን ቀለም ከመሰለ ወዲያውኑ ይቁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቆሸሸውን ነጥብ ብቻ ማሸት ላይ ነው። የረጠበው ሲደርቅ ዳሩ ላይ እንደ ካርታ ያለ ጥቁር መስመር ይቀራል። ከስፌት እስከ ስፌት ያለው ገጽ በሙሉ እኩል መርጠብ አለበት። ውሃው ሲጠቁር እየተቀየረ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ በመጨረሻም ንጹሕ ውሃ በነካ ጨርቅ ሳሙናው ይነሣ። ማንገቻው ከሁሉም በላይ ጊዜ ይፈልጋል፤ የዓመታት ላብ ያለው እዚያ ነው።

ማድረቅ የሚባለው ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ ውስጡ በነጭ ጨርቅ ቅርጹን ይዞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መቆየት ነው። ፀሐይ፣ ፎን፣ ካውያና የከሰል ምድጃ አይፈቀዱም። እርጥብ ቆዳ ከደረቁ ይልቅ ለሙቀት ይሸነፋል፤ ቃጫው ይኮማተራል፣ እንጨት ሆኖ ይቀራል፣ ያም አይመለስም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የሚያገኟቸውን የድሮ «ኮች» ቦርሳዎች በሙሉ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማጠብ እንደሚቻል ሳይሰሙ አይቀሩም። ስለዚህ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኮች እ.ኤ.አ. በ1941 በኒውዮርክ ማንሃተን የተጀመረ ሥራ ነው፤ በ1960ዎቹ ዲዛይነሯ ቦኒ ካሺን ከክፍት መኪና ጣሪያ መቆለፊያ ተነሣሥታ ያመጣችው ተጠምዛዥ የነሐስ መቆለፊያ እስከ ዛሬ መለያው ነው። የዚያ ዘመን ቦርሳዎች ወፍራም፣ ገበር የሌላቸውና ካርቶን ያልገባባቸው ስለሆኑ በጥንቃቄ ከተያዙ ንክሩን ይችሉታል። ይህንን አይቶ ገበር ያለውን፣ ከታች ካርቶን የተደገፈውን ወይም ሁለት ቀለም ያለውን ቦርሳ መንከር ግን ማጥፋት ነው። ካርቶኑ ይሟሟል፣ የገበሩ ማጣበቂያ ይለቃል፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማው ይጋባል። ለእነዚህ ከላይ ያልኩት የጨርቅ እጥበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሻጋታው። በቆዳ ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። አንዳንዱ ከውስጥ ወጥቶ የረጋ የቆዳው የራሱ ቅባት ነው። ጣት አሙቆ ሲያሹት ከቀለጠና ከጠፋ ቅባት ነው፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ካለው፣ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከተበተነና ካልቀለጠ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ቤት ውስጥ አይራገፍም፤ ብናኙ ሌላው ልብስ ላይ ያርፋል። ደጅ ወጥቶ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያም ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ደባልቆ በጨርቅ መጥረግ ነው። አልኮል ቀለም ያስለቅቃልና መጀመሪያ ከሥር በኩል ይሞከር። ገበሩ ካልተጠረገ ሻጋታው ከውስጥ ይመለሳል። ሽታው ከቀረ ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ ቦርሳው ውስጥ ለሳምንት መተው ነው። ዕጣን ማጠን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም።

ስፌት ላይ ልቆይ፤ ቦርሳ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። የማሽን ስፌት ከላይና ከታች ያሉ ሁለት ክሮች የተያያዙበት ስለሆነ አንዱ ሲበጠስ ተከታትሎ ይተረተራል። የእጅ ጥገናው በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ውፍረቱ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የፖሊስተር ክር፣ የሚሰፋውን ርዝመት አራት እጥፍ ቆርጦ ሰም ላይ ሁለት ጊዜ መጎተት፤ በሁለቱ ጫፍ ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ማስገባት። ከተተረተረበት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ጤነኛው ስፌት ላይ መጀመር ነው። አንደኛው መርፌ በቀዳዳው ካለፈ በኋላ ሌላኛው ከተቃራኒው ጎን በዚያው ቀዳዳ ያልፋል፤ የመጀመሪያውን ክር እንዳይወጋ መጠንቀቅ ነው። ሁለቱም በእኩል ኃይል ይሳቡ። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ መልሶ ሰፍቶ፣ ትርፉን ቆርጦ ጫፉን በላይተር ነካ ማድረግ ነው። እንዲህ የተሰፋ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ቀሪው ይይዛል።

የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው የሚሠሩት። በወስፌ አዲስ ቀዳዳ በመካከሉ ሲጨመር ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በመስመሩ ይቀደዳል። ጠርዙ ተላቆ ከሆነ ከመስፋት በፊት በማስቲሽ ይያዝ፤ ሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ጣት ሲነካው እስከማይዝ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቆ፣ ገጥሞ በመዶሻ ጀርባ መታ መታ ማድረግ። ሳይደርቅ የተገጠመ ማስቲሽ ይንሸራተታል። ሱፐር ግሉ እንደ ብርጭቆ ስለሚደርቅ ቦርሳው ሲታጠፍ ከጎኑ ያለውን ቆዳ ይሰነጥቀዋል።

ዚፕ እየተዘጋ ከኋላው ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ አልተበላሸም፤ ተንሸራታቹ ላልቷል። ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ ተራ በተራ፣ በጣም በትንሹ ጨመቅ ማድረግ ነው፤ ከበዛ ይሰበራል። የብረት ጥርስ ከሆነ እርሳስ ሲታሽበት ይለሰልሳል።

ዘለበቱና መቆለፊያው ጥንቃቄ ይሻሉ። ማግኔት ከያዘው ውስጡ ብረት፣ ላዩ ቅብ ነው፤ በብረት ማጽጃ ከታሸ ቅቡ ይለቃል። ድፍን ነሐስ ከሆነ ማጽጃው ቆዳውን እንዳይነካ ፕላስቲክ ሰንጥቆ ከሥሩ ማስገባት ነው። በነሐሱ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ሰም መሰል ነገር መዳቡ ከቆዳው ቅባት ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው፤ በስቴኪኒ ጫፍ ይፋቃል። በብረት ሱፍ በፍጹም። ከብረት ሱፍ የረገፈች ብናኝ በታኒን፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊትና ከመሳሰሉት ዕፅዋት በሚወጣ ማልፊያ፣ የለፋ እርጥብ ቆዳ ላይ ካረፈች ጥቁር ነጥብ ትሆናለች፤ ብረትና ታኒን ሲገናኙ የሚፈጥሩት ያው የድሮ ጥቁር ቀለም ነው። የዛገ ሪቬት፣ ማለትም ቆዳውን የሚያያይዘው የብረት ምስማር፣ ዙሪያውን የሚያጠቁረውም በዚሁ ነው።

የተላጠ ጥግ ላይ ቆዳው ካልተበሳ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቃጫው እስኪተኛ ቀስ ብሎ ማሸት፣ በአልኮሉ ድብልቅ ጠርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ለቆዳ የተሠራ አክሪሊክ ቀለም በስፖንጅ ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ፣ በየመካከሉ 15 ደቂቃ እየጠበቁ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ የተደፋ ወፍራም ቀለም ይሰነጠቃል። ከ24 ሰዓት በኋላ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሥር ጊዜ ይታሽበት፤ ቀለም ካልወጣ ነጠላም ላይ አይወጣም። ጥጉ ከተበሳ ከውስጥ በኩል ከቀዳዳው አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ዳሩ በምላጭ የሳሳ ቆዳ በማስቲሽ ይለጠፍበት።

ቅባቱ አሁን ይምጣ። ለቆዳ የተሠራ ቀለም አልባ ክሬም ካልተገኘ በቤት ይዘጋጃል፤ 20 ግራም ንጹሕ የማር ሰምና 60 ግራም የጉሎ ዘይት። ሱቅ የሚሸጠው ሻማ አብዛኛው ፓራፊን፣ ማለትም ከነዳጅ የሚገኝ ሰም፣ ስለሆነ አይተካውም። ሰሙን ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ማቅለጥ ነው፤ 64 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ውሃው መፍላትም የለበትም። እሳት ላይ በቀጥታ ከተጣደ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱን ጨምሮ፣ አማስሎ ማቀዝቀዝ ነው። ለአንድ ገጽ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል፤ በጣት አሙቆ፣ አሽቶ፣ ሌሊቱን ትቶ ጠዋት ትርፉን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ደረቅ ቆዳ ሁለተኛ ዙር ይፈልግ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ይለጠጣል፣ ቅርጹን ያጣል። ነጣ ያለ ቆዳን ያጠቁራል። ጸጉራም ለሆነ ቆዳ፣ ማለትም ስዊድ ለሚባለው፣ ቅባት ጨርሶ አይሆንም።

የማይድኑም አሉ። ወደ ቃጫው የሰረገ የእስክሪብቶ ቀለም አይወጣም፤ አሴቶን የሚያወጣው የቦርሳውን ሽፋን ነው። ሲነካ እንደ ቀይ በርበሬ ዱቄት የሚረግፍ አሮጌ ቆዳ ቃጫው በአሲድ ተበልቷል፤ ውሃም ቅባትም ያባብሱታል። በቤተ ሰብ የቆየ የብራና መጽሐፍ ማኅደር ያለው ሰው ደግሞ ከላይ ያልኩትን አንዱንም አይሞክርበት፤ ያ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ሥራ ነው።

የዳነው ቦርሳ በፌስታል አይቀመጥ፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። የትራስ ልብስ ይበቃዋል። ውስጡን መሙያ ነጭ ጨርቅ ወይም ያልታተመ ወረቀት ይሁን፤ የጋዜጣ ቀለም ወደ ገበሩ ይጋባል። ማንገቻው ተንጠልጥሎ ሳይሆን ቦርሳው በመቀመጫው ተቀምጦ ይደር። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ግማሽ ቀን ነፋስ ማስመታት ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር
የቆዳ ዕቃ ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ