የተፈጥሮ ክበብ፦ አጋምን ከአጣጥ መለየት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎችን በቅጠል፣ በአበባና በፍሬ መለየት። የተመረጡት 5 ናቸው፦ አጋም፣ አጣጥ፣ ቀጋ፣ ጌሾና እንዶድ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ፍሬው ነበር። ፍሬ ግን ዓመቱን ሙሉ አይገኝም፤ ቀለሙም ያሳስታል። አጋምም ጌሾም ቀልተው ቆይተው ነው የሚጠቁሩት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፦ የቅጠሉ አቀማመጥ፣ ጠርዙ፣ እሾሁ፣ ከዚያ አበባው፣ ፍሬው መጨረሻ።

ብዙ ያከራከሩን አጋምና አጣጥ ናቸው፤ ሁለቱም እሾሃም። የአጋም ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፣ ጠርዛቸው ጥርስ የለውም፣ ሲበጠሱ ነጭ ወተት ያወጣሉ። የአጣጥ ቅጠል አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ በየተራ ይወጣል፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው፣ ወተትም የለውም። ፍሬው ሲደርስ ተሰንጥቆ ዘሩን ያሳያል። የወተቱ ምርመራ እዚያው ቁጥቋጦው ሥር መደረግ አለበት፤ ቅርንጫፉ ጠውልጎ ክፍል ከደረሰ ወተቱ ይደርቅና አጋም «አጣጥ» ተብሎ ይመዘገባል። ወተት ያለው ሁሉ አጋም አለመሆኑም አይዘንጋ፤ የቅንጭብ ወተት ዓይን ይጎዳል።

ቀጋ ላይ ስህተቱ ሌላ ነው። 5 ወይም 7 ሆነው በአንድ ዘንግ የተደረደሩት ትናንሽ ቅጠሎች እንደየራሳቸው ቅጠል ይቆጠራሉ። ማረጋገጫው ጉጡ ነው፤ አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበት ጉጥ ያለው ከዘንጉ ሥር ብቻ ነው፣ ስለዚህ መላው ዘንግ አንድ ቅጠል ነው። እሾሁም በጣት ሲገፋ ከቅርፊቱ ጋር ይላቀቃል፤ የአጋም እሾህ አይላቀቅም፣ የእንጨቱ አካል ነውና።

ናሙና ስናደርቅ በጋዜጣ መሃል ከካርቶን ጋር እንጫናለን፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። ካልተቀየረ ይሻግታል። ፍሬ ለሁለት ካልተሰነጠቀ አይደርቅም። የአበባው ቀለም በተቆረጠበት ሰዓት ይጻፋል፤ ከደረቀ በኋላ ነጩም ክሬሙም አንድ ነው፣ ቡኒ።

ፍሬ ቀምሶ መለየት ክልክል ነው። እንዶድ መርዝ ነው፤ ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የደረሱበትም ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው። ከእንዶዶቻችን አንዱ አብቦ ፍሬ ሳይዝ ቀርቷል። እንዶድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ወንዴው መሆኑን በአበባው ማየት የመስከረም ሥራችን ይሆናል።