ቁልፉን ከመቀበልሽ በፊት

የኔ እናት፣ እንዴት አደርሽ? ትናንት ማታ «እማ ኮምቦልቻ ቤት አገኘሁ፣ ሰኞ ልከፍል ነው» ስትዪኝ እሰይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ «የ6 ወር ቅድሚያ» ያልሽው ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማ፣ እሺ» እያልሽ ታልፊዋለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ሳትከፍዪ አንብቢው።

መቼም አከራይ ምን እንደሚያስብ ከኔ በላይ የሚነግርሽ የለም። ከጓሮ ያሉትን ሁለት ሰርቪሶች አከራይቼ አይደል ያስተማርኩሽ! ተከራይ በር ሲያንኳኳ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ሥራህ የት ነው፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት፣ የነበርክበትን ለምን ለቀቅህ እላለሁ። አንቺንም ይጠይቁሻል፣ አይክፋሽ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያሽንና የፋይዳሽን ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። ዋናውን ግን ማንም ጋ አታስቀምጪ። «እጮኛ አለሽ? መቼ ነው የምታገቢው?» የሚሉም አይጠፉም። ሳቅ ብለሽ እለፊው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታሽ ነው። ሰውዬው «እንደ ልጄ ነሽ፣ በኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ካለሽ ትሸነፊያለሽ። እኔም ያልኩት ቃል ስለሆነ ነው የማውቀው።

አንቺ ሆዴ ውስጥ እያለሽ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተን ነበር። ውል የለ፣ ምስክር የለ። ቡና ተፈላ፣ ተመረቅን፣ ገባን። ሴትየዋ ደግ ነበሩ፣ አጥሚት ሳይቀር እየሠሩ ያጠጡኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ መጡና «ልጆቼ፣ የወንድሜ ልጅ ከአረብ አገር መጣብኝ፣ እሁድ ልቀቁልኝ» አሉን። ወሩ ነሐሴ ነው። የደሴን ነሐሴ ታውቂዋለሽ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ አይታይም። አባትሽ ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልሎ በጀርባው ተሸክሞ ያን ዳገት ሲወጣ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ላስቲኩን እይዛለሁ፣ ዝናቡ ግን በጫፉ ገብቶ ጥጡን አራሰው። ያ ፍራሽ እስከ መስቀል አልደረቀም። ሴትየዋን ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንሳሳማለን፣ ግን ያን ፍራሽ አልረሳሁትም።

አሁን ግን ሕግ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል፣ ፓርላማው መጋቢት 24 ቀን 2016 ነው ያጸደቀው። ያኔ እኛ አከራዮች ቡና በጠጣን ቁጥር ስናማው ከረምን። አዋጁ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል። ታዲያ ያንቺ ሰውዬ 6 ወሩን ከየት አመጣው? ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ከ2 ዓመት ላነሰ ጊዜ መዋዋልም አይቻልም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ጣሪያ ልክ ነው። ሰውዬው ኑሮ ተወደደ ብሎ በየ3 ወሩ እየመጣ አይጨምርብሽም ማለት ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በቴሌብር ነው፣ በእጅ አይደለም። እሱን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ደረሰኝ ጠፋብኝ የለ፣ አልተቀበልኩም የለ። አንቺም ለመልቀቅ ስታስቢ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ እንደምትሰጪ እወቂ፣ አንድ ቀን ተነስተሽ ቁልፉን ወርውረሽ መሄድ የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። አዋጁ በክልል ከተሞች ላይ የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ውል የሚመዘግበው የትኛው ቢሮ እንደሆነ ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ። ከሰውዬው ጋር በአንቀጽ አትከራከሪ። «አባባ፣ መሥሪያ ቤቴ የተመዘገበ ውል አምጪ ብሎኛል» በዪው። ውሸት ነው ግን ትንሽ ናት።

ደግሞ የግቢውን ሕግ ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ። እኔ ራሴ «ምጣድ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ብቻ» የምል ሰው ነኝ፣ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ጠቡ ሁሉ ከምጣድና ከካውያ ነው የሚነሳው። መብራቱ በነፍስ ወከፍ ነው የሚካፈለው ወይስ በክፍል? ውሃ ሲጠፋ ከታንከሩ መቅዳት ይቻላል? እንግዳ ቢያድር? ከሁሉም በላይ የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? አንቺ የማታ ፈረቃ ስትገቢ ከፋብሪካ የምትወጪው 4 ሰዓት ነው፣ አከራዩ 3 ሰዓት ላይ ቀርቅሮ ቢተኛ መንገድ ላይ ልትቆሚ ነው? የበሩ ቁልፍ አንድ ኮፒ እንደሚሰጥሽ በውሉ ላይ ይጻፍ። «ችግር የለም፣ ታንኳኪያለሽ» ካለሽ አትመኚው፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ራስጌዬን ሸፍኜ የምተኛው።

ቤቱን ያየሽው ጠዋት ነው አይደል? ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ተመልሰሽ ግቢ። ኮምቦልቻ ደሴ አይደለም፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት እንደ ምድጃ ይፈጃል። ቧንቧውን ክፈቺ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ሞክሪ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፊና ክፈቺ። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የተሰበረ መስታወት ካለ በስልክሽ አንሺ፣ የቆጣሪውንም ቁጥር አንሺ። እኔ ያንን ባለማድረጌ አንዱ ተከራይ የ4 ወር መብራት ሳይከፍል ሌሊት ወጥቶ ቀረ፣ ስንት እንደተጠቀመ እንኳ ማስረዳት አልቻልኩም። ጥገናውንም አሁኑኑ ተነጋገሩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የበር፣ የመስኮትና የቧንቧ ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው፣ ዕቃው በእርጅና ከሆነ የተበላሸው ግን ያንቺ ዕዳ አይደለም። ጣሪያ ቢያፈስ ደግሞ አከራዩ ያሠራ።

ደላላውን ቁልፉ እጅሽ ሳይገባ አትክፈዪው።

ሰውዬው 2 ወር አልቀበልም ካለ ተዪው። እስከዚያ ከዚሁ ተመላለሺ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ጠዋት ጠዋት መውረዱ ቢያደክምም ጥቂት ሳምንት ነው። አብሽሪ፣ ቤት አይጠፋም። ከተስማማችሁ ግን ውሉን ሳትፈርሚ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ አባትሽ መነጽሩን አድርጎ ያነበዋል። ጋቢውን አትውሰጂ፣ እዚያ ምንም አያደርግልሽም። አጎበሩንና ትንሿን ምጣድ እሁድ ይዤ እመጣለሁ፣ ምጣድ ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ቀድመሽ ጠይቂልኝ።

እናትሽ