ዚፑ ከየት እንደመጣ ጠይቁልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በኢኮኖሚ ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ አቦል ላይ ጀምሬ ቶና ላይ ጨረስኩት። ብር ከዶላር አንጻር ስለወረደ ጉልበታችን እንደገና ረክሷል፣ ስለዚህ ልብስ የሚያሰፉት ትልልቅ ድርጅቶች ወደ እኛ ይመለሳሉ ይላል። አሜን ነው። ግን ጸሐፊው አንድም ቀን የስፌት ላይን አጠገብ ቆመው የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ አምስት ዓመት ቆሜያለሁ። ሁለቱን በኦፕሬተርነት፣ ሦስቱን በሱፐርቫይዘርነት። የኢንዱስትሪ ፓርኩንም የፋብሪካውንም ስም ልተወው። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም።

የምንሰፋው ሱሪ ነበር። ላይኔ ላይ 32 ሴቶች አሉ። አንዷ ቀኑን ሙሉ የኋላ ኪስ ትለጥፋለች። አንዷ ዚፕ ትገጥማለች። ሌላዋ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ ነው ሥራዋ። ወገብ የሚገጥሙትን ሁለቱን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ወገቡ ከተጣመመ ሱሪው አለቀለት። እጃቸው እስኪፈታ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ከፊታችን ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ በየሰዓቱ ታርጌቱና የሠራነው ይጻፍበታል። አሁንም አንዳንዴ በሕልሜ ይመጣል፤ ቁጥሩ ሁሌ በቀይ ነው።

አንድ ቀን ዚፕ አለቀ። ጨርቁ ተቆርጧል፣ ኪሱ ተለጥፏል፣ የተሰፋው ሁሉ እየታሰረ ወለሉ ላይ ተከምሯል። ዚፑ ጅቡቲ ነው ተባለ። ቀጥሎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው ተባለ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ሴቶቹ ማሽን አጸዱ፣ ያጸዱትን ደግመው አጸዱ። በመጨረሻ ዚፑ ሲመጣ ሌት ተቀን ሰፋን፤ መርከቡ ግን አመለጠን። ሱሪው በአውሮፕላን ተላከ። አምራቹ ሲያዘገይ የአውሮፕላኑን ሂሳብ የሚከፍለው ራሱ አምራቹ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ምሳ ላይ «የወሩ ትርፋችን በረረ» አለኝ። ቀልዱን መሆኑ ነው።

በዚያ ዘጠኝ ቀን ሥራ ስፈታ አንዱን ሱሪ ገልብጬ መረመርኩት። ጨርቁ ከቻይና ነው። ክሩም፣ ቁልፉም፣ የኪሱ ገበርም ከውጭ ነው። «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለው ጨርቅ ላይ የታተመ ምልክት ራሱ ተጠቅልሎ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ የሆነው እኛና መብራቱ ብቻ ነበርን። እሱም መብራት ሲኖር።

ታዲያ ለምን ከዚህ አይገዙም ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። ጨርቁ ከየትኛው ፋብሪካ፣ ዚፑ ከየትኛው ድርጅት እንደሚገዛ የሚወስነው አሰፊው ገዢ ነው። ፋብሪካው የተላከለትን ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ አሽጎ ይልካል። የሚከፈለው ለቆረጠበትና ለሰፋበት ብቻ ነው። የምንሸጠው የጉልበታችንን ደቂቃ ነበር ማለት ነው።

ጽሑፋችሁ አጎዋን፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደውን የአሜሪካ ሕግ፣ በአንድ መስመር አልፎታል። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። የጥጥ ሱሪ አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.6 በመቶ ነው፤ የፖሊስተር ቲሸርትማ 32 በመቶ ይደርሳል። አጎዋ ይህን አነሳልን። በዚያ ላይ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ልዩ ፈቃድ ነበረው፦ ጨርቁን ከፈለጋችሁበት አገር አምጡ፣ እናንተ ብቻ ስፉት የሚል። እንዲህ ከተባለ ጨርቅ ለመሥራት ማን ይቸገራል? በኅዳር 2014 ዓ.ም ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያሰፋው ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። የሰሜኑ ጦርነት ያመጣው ነው፤ እሱን እዚህ አልዘረዝርም። ግን አውሮፓ እኮ አሁንም ያለ ቀረጥ ይቀበለናል። በሩ ክፍት ነው። በዚያ በር ስንት ልብስ እያለፈ እንደሆነ ዘጋቢያችሁ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ርካሹ ጉልበት ልምጣ። በ2011 ዓ.ም የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳን ፓርክ አይተው መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው ብለው ጻፉ። ያኔ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ነበር። ከዓለም ዝቅተኛው የእኛ ሆነ። እንግዲህ ርካሽ ጉልበት የሚያዋጣ ቢሆን ያኔ ዓለም ሁሉ ልብሱን እኛ ጋ ባሰፋ ነበር። ከዚያ በላይ ምን እንርከስ?

እኔ ያየሁት ርካሽ ጉልበት እንዲህ ነው። አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ፍራሽ ላይ ያድራሉ። ኪራዩ ሲጨመር አንዷ አገሯ ትገባለች። ለሌላዋ ዘመዷ ከቤይሩት ትደውልላትና ወደዚያ ትሄዳለች። ከ32ቱ በዓመቱ መጨረሻ ከእኔ ጋር የቀሩት 7 ነበሩ። በየወሩ አዲስ ልጅ ይመጣልኛል፣ መርፌ እጇን ይወጋታል፣ ታለቅሳለች፣ ትለምዳለች፣ ትሄዳለች። ከሁለቱ ወገብ ገጣሚዎቼ አንዷ ዛሬ ሪያድ ናት። በኢሞ ድምፅ ትልክልኛለች። «እዚህ የቤቱን ሰው ልብስ ሁሉ የምተኩሰው እኔ ነኝ» ትላለች። «ምልክቱን አገላብጬ አየዋለሁ። ባንግላዴሽ፣ ባንግላዴሽ፣ ቻይና፣ ባንግላዴሽ። የእኛን አንድ ቀን አላገኘሁም።»

ባንግላዴሽን በርካሽነት ብቻ የምትጠቅሱት ነገር ያናድደኛል። ደመወዛቸው ዝቅተኛ መሆኑ እውነት ነው። የልብስ ፋብሪካዎች በነበሩበት በራና ፕላዛ ሕንፃ መደርመስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል፤ ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፣ ሠራተኞቹን ግን አስገቧቸው። ያንን ማንም አይመኝም። ግን ሌላም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የሚባል አንድ ድርጅት 130 ገደማ ሠራተኞቹን ኮሪያ፣ ዴዉ ፋብሪካ ልኮ አሠለጠነ። ተመልሰው ትንሽ እንደሠሩ ብዙዎቹ እየለቀቁ የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ ወይም ሌላው ሲከፍት አስተዳዳሪ ሆኑ። የሙያው ምስጢር በሰው እጅ ወጣ። ቀጥለው ክር መፍተሉንና ጨርቅ መሥራቱን ያዙ። ዛሬ ለቲሸርትና ለሹራብ የሚሆነውን ጨርቅ አብዛኛውን እዚያው ይሠሩታል። ጥጡን እንኳ የሚያስመጡት ከውጭ ነው፤ እነሱ ጋ እንደ ልብ አይበቅልም።

እኛ ጋ ይበቅላል። አዋሽ አለ፣ መተማ አለ፣ ሁመራ አለ። አክስቴ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ነበር የምትሠራው። ፈትል ክፍል ነበረች፤ ቤት ስትገባ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ እኛ ልጆቹ ያለጊዜዋ ያረጀች ይመስለን ነበር። ባሕር ዳርም፣ ኮምቦልቻም፣ ድሬዳዋም ጥጡ በአንድ በር ገብቶ ጨርቅ ሆኖ ይወጣ ነበር። አያቴ ደግሞ አቡጀዲ ድሮ ከአሜሪካ፣ በኋላ ከጃፓን ይመጣ እንደነበር ሰምታለች። ስለዚህ አክስቴ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ እየዳሰሰች «ይሄንንስ እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?» ትላታለች። በየጊዜው ነው የምትጠይቃት፣ መልሱን ለመስማት ይመስለኛል።

ከእኛ ፓርክ ወጥቶ ሥራ የከፈተ ካለ አንዷ እኔ ነኝ። ሁለት የጁኪ ማሽንና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ) አለኝ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባንክ ለማበደር የቤት ካርታ ጠየቀኝ፤ ቤት ቢኖረኝ መጀመሪያ ፓርኩ ምን ያደርገኝ ነበር? የከፈትኩት በዕቁብ ነው። ጨርቁን ከመርካቶ አመጣለሁ። ፖሊስተር ነው። የዓለም ልብስ ከግማሽ በላይ አሁን ከነዳጅ ከሚወጣ ክር ስለሚሠራ የእኔም ከዚያ አያልፍም። ነጋዴውን የአገር ውስጥ ጥጥ ጨርቅ የለህም ወይ ስለው «እህቴ፣ ከየት ላምጣልሽ?» አለኝ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጽሑፋችሁ ረከሰ የሚለው የእኔን እጅ ነው። ዚፑ፣ ክሩ፣ መርፌው አልረከሰም፤ ሁሉም በዶላር ነው የሚገባው። ለትልቁ ፋብሪካም ለእኔም ያው ነው። መስከረም ላይ ወላጆች ዩኒፎርሙ ለምን ወደደ እያሉ ሲነታረኩኝ ያችን ትንሽ ዚፕ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።

ዘጋቢያችሁን አዳማ ላኩልኝ። ቡናው በእኔ ነው። አንድ ቀሚስ አብረን እንፈታና እያንዳንዱ ነገር ከየት እንደመጣ እየጻፍን እንቆጥራለን። ማክሰኞና ሐሙስ ባይሆን ጥሩ ነው፣ መርካቶ ነኝ።

የቀድሞ ላይን ሱፐርቫይዘር
ከአዳማ