አንድ ኮርቻ ይዤልሻለሁ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም እንደምታውቂያት ናት። ጥምቀት በሰላም አለፈ። ማታ ማታ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ጋቢ ያስደርባል፣ ቀን ግን ያው ሙቀታችን ነው።

ሦስት ዓመት ሞላን አይደል? ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቼ «እንዴት ነሽ» ብዬ ጽፌ መልሼ እንዳጠፋሁት አትጠይቂኝ። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሳም። ወለሉ ላይ ዕቃ በዕቃ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፣ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ እንኳ የለኝም።

ሰባት ሆነን እንጅባራ ልንሄድ ነው። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት እናድራለን፣ ቀን በፈረስ እየዞርን እንሥላለን። ከጥር 20 ጀምረን እስከ ጥር 23 ነው ያሰብነው። ቀኑን ለምን እንደመረጥን ይገባሻል። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ዓድዋ ላይ የተሠለፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ የተቋቋመ። በየዓመቱ «በሚቀጥለው እንሄዳለን» ስንል ነበር፣ አንቺና እኔ። መንገዱን ደጋግመን ጠይቀናል፣ ሰላም ነው ብለውናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዕቃ ማሸጉ የእኔ ድርሻ ሆነ። ልክ እንደ ዘጌው ጊዜ።

ያን ቀን ጀልባው ውስጥ የውሃውን ጀሪካን ከሥዕሎችሽ ማህደር ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ክዳኑ እንደላላ አይቼ ነበር። አይቼ «ይሁን፣ ቅርብ ነው» ብዬ ተውኩት። ስንደርስ ማህደሩ በስብሷል። የአንድ ዓመት ሥራሽ ነበር። አንቺ ምንም አልተናገርሽም፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየለያየሽ ድንጋይ ላይ ስትዘረጊ ቀለሙ እየወረደ ጣቶችሽን ሰማያዊ አደረጋቸው። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ወረቀት አይደል እንዴ፣ ደግመሽ ትሥዪዋለሽ።» ሥዕሉን ያበላሸው ውሃው ነው፣ ጓደኝነታችንን ያበላሸው ግን ያ ንግግር ነው። ይቅርታ። ያኔውኑ ማለት ነበረብኝ። ሐፍረቱ ሲቆይ እያደገ መጣና አፌን ያዘኝ።

ከዚያ ቀን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ማታ ከመመለሳችን በፊት ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን የመቅደሱን ሥዕል አየን፣ ትዝ ይልሻል? አስጎብኚው ሥዕሉ በቀጥታ ጭቃው ላይ እንዳልተሣለ፣ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነገረን። አንቺ የቅዱስ ጊዮርጊስን አምባላይ ፈረስ እያየሽ ቆምሽ። እኔ ያን ጊዜ አላሰብኩበትም። ባለፈው ወር ነው «እኛስ ለምን ወረቀት እንሸከማለን?» ያልኩት።

ስለዚህ ዘንድሮ ወረቀት በጣም ትንሽ ነው የያዝነው። አቡጀዲ ገዛሁ። በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ቀባሁት፣ ሲደርቅ አንድ እጅ ነጭ ቀለም ደገምኩበት። እየቆረጥኩ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ጠቀለልኩት፣ አይታጠፍም፣ አይቀደድም፣ ቢረጥብም ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይንኮሻኮሽም። ይሄን የነገሩን ፈረስ የሚያከራዩን አባት ናቸው። ፌስታል ይዞ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሰው እንዳላይ አሉን። ፈረስ ከኋላው ኮሽታ ከሰማ ወይም የሚውለበለብ ነገር በዓይኑ ጥግ ካየ ይደነብራል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ትልቅ ወረቀት ነፋስ ላይ ስትዘረጊ አስቢው። ነጠላና ሻርፕም እንዲሁ፣ ከወገብ ጠበቅ ብሎ መታሰር አለበት። ዝናብ የሚፈራውን ነገር በፌስታል ጠቅልለን ፌስታሉን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አስገብተነዋል።

ሌላው የክብደቱ ነገር ነው። ለአንድ ሰው ስምንት ኪሎ ብለን ወሰንን፣ አራቱ በግራ አራቱ በቀኝ። የተንጠልጣይ ሚዛን ከጎረቤት ነጋዴ ተውሼ ትናንት ማታ ሁሉንም ከረጢት መዘንኩ። አንዱ ወገን ከከበደ ኮርቻው ይንሸራተታል፣ ኮርቻው ሲንሸራተት ፈረሱን ይገጥበዋል። ገጣባ ፈረስ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ እኔ ያን እያየሁ ሥዕል መሣል አልችልም። ስለዚህ አንድ ልጅ ሁለተኛ ጫማ ሲጨምር ከሌላው ወገን የሚመጣጠን ነገር አስጨመርኩት። ተነጫነጨብኝ፣ ግን አደረገው።

ጫማ ካልኩ አይቀር፣ ሶሉ የወፈረ እንዳታደርጊ። የድሮው እርካብ ለአውራ ጣት ብቻ የሚሆን ቀለበት ነበር፣ አሁን የሚሰጡን ሰፋ ያለ ነው፣ ቢሆንም ወፍራም ጫማ ይቀረቀርበታል። ትንሽ ተረከዝ ያለው ቀጭን ጫማ ጥሩ ነው።

ብርዱን ግን አደራ። እኛ እዚህ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጠን በካናቴራ እያሸግን ነው፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ላብ እያጠበሽ ሹራብ ማጠፍ ያሰለቻል፣ ሰውም የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱን ሰው ጋቢ መያዙን በዓይኔ ሳላይ መኪና ላይ አላወጣም። ሌሊት ጤዛ ስለሚወርድ ብሩሽና ቀለም ድንኳን ውስጥ ነው የሚያድረው።

ስንቁ ቀላል ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ ለእኛም ለፈረሶቹም ይዘናል፣ የየራሳችን።

መሣያው ላይ ብዙ አልጨመርኩም። ከሰል፣ እርሳስ፣ አራት ቀለም፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም ለብዕር። ብዕሩን ራሴ ከሐይቁ ዳር ሸምበቆ ቆርጬ ሠራሁ፣ ጫፉን በሰያፍ ቀርጬ መሃሉን ሰንጥቄ፣ የብራና ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት። መስመሩ ሲጀምር ይወፍርና ቀለሙ ሲያልቅ እየቀጠነ ይሄዳል። ለፈረስ አንገት እንዴት እንደሚሆን ብታዪ! ከጋማው ጀምሬ እስከ ትከሻው በአንድ ትንፋሽ ሳብኩት። እግሩ ግን እምቢ አለኝ። የኋላ እግር መታጠፊያው ሁልጊዜ የሰው ጉልበት ይሆንብኛል። አንቺ ነበርሽ የምታርሚልኝ።

እንግዲህ ልጠይቅሽ። ሰባት ሰው ነን፣ ስምንት ፈረስ ነው የተከራየሁት። ለዕቃ ነው ብለው ያሰቡ አሉ፣ አይደለም። ስምንተኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦራ ነው፣ ሶምሶማው ለስላሳ፣ ሰው የለመደ። ባለቤቱ ልጃቸውን ግልቢያ ያስተማሩበት እሱ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከመጣሽ እንጅባራን ከባሕር ዳር ቀድመሽ ነው የምታገኚው፣ እዚያው ከተማ ውስጥ እንቀበልሻለን፣ ኮሶበር የሚሏትም እሷን ነው። ድንኳን አታምጪ፣ ከእኔ ጋር ታድሪያለሽ። ሥራ ካለብሽ አንድ ሌሊት ብቻ እደሪ፣ ለጥር 23 ብቻ ድረሽ። ካልፈለግሽም እሺ፣ ግን መልስ ስጪኝ፣ «አልመጣም» ብትዪም ድምፅሽን ልስማ። እስከ ጥር 18 ፈረሱን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ለስምንት ኪሎሽ የሚሆነውን ከረጢት ለይቼ አስቀምጫለሁ። የሰማያዊውን ቀለም ማሰሮ ክዳን ሁለት ጊዜ አጥብቄ፣ ገልብጬ አሳደርኩት፣ አልፈሰሰም። የአንቺ አቡጀዲ አሁን በረንዳ ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነው፣ ጥግ ጥጉ ገና እርጥብ ነው።

እናትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ከባሕር ዳር፣ ጥር 13